ግንብ የሌላት የበረሃ ከተማ

እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ «ዳርክ ሰን» የተባለ የምናብ ዓለም ለገበያ አቀረበ። ዓለሙ የተፈጠረው ከ1974 ጀምሮ ለሚታወቀው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ለተባለ ጨዋታ ነው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ከተማውንና ሕጉን ይፈጥራል፤ ሌሎቹ በዚያ ከተማ የሚኖሩ ሰዎችን ወክለው ይጫወታሉ። የዳርክ ሰን ዓለም ውሃ የነጠፈበት በረሃ ነው። ከተሞቹን የሚገዙት ለሺህ ዓመታት የሚኖሩ ጠንቋይ ነገሥታት ናቸው። ቲር በተባለችው ከተማ ንጉሥ ካላክ በባሪያዎች ጉልበት ግዙፍ ባለ ደረጃ ግንብ ያሠራል። የግንቡ ዓላማ በመጨረሻ ሲገለጥ የነዋሪውን ሕይወት መጥጦ ለንጉሡ ኃይል መስጠት ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የጨዋታው አፍቃሪዎች የየራሳቸውን ጨቋኝ የበረሃ ከተማ ነድፈዋል። አብዛኛው ንድፍ ይመሳሰላል፦ ሰማይ ጠቀስ ግንብ፣ ጨለማ እስር ቤት፣ ጥቁር የለበሰ ወታደር፣ ፊቱ የሚያስፈራ ንጉሥ። አንባገነንነት ሲባል ለሰው ቀድሞ የሚታየው ይህ ነውና አይፈረድባቸውም።

ታሪክ ግን ሌላ ዓይነት ንድፍ አስቀምጦልናል። በአንድ ሰው ትእዛዝ፣ በባዶ በረሃ ላይ፣ ከዜሮ የተነሳች እውነተኛ ከተማ ነበረች። ዙሪያዋን የሚከብ የመከላከያ ግንብ አልነበራትም። የቤተ መንግሥቷ ወለል በወፎችና በቄጠማ ሥዕል ያጌጠ ነበር። መፈክሯም ጨለማ ሳይሆን ብርሃን ነበር።

ከተማዋ አኬታተን ትባላለች። ዛሬ ቦታው አማርና ይባላል፤ ከካይሮ በስተደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይገኛል። የቆረቆራት ፈርዖን አኬናተን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ገደማ በነገሠ በ5ኛው ዓመት የአባቶቹን አማልክት ትቶ፣ አተን ለተባለው የፀሐይ ክብ ብቻ የምትሆን ከተማ እንድትሠራ አዘዘ። ወሰኗን በገደሎቹ ላይ በተቀረጹ የድንጋይ ሐውልቶች አስከለለ። ባለቤቱ ነፈርቲቲ ናት፤ ዓለም የሚያደንቀው የራሷ ቅርጽ በ1912 የተገኘው በዚህችው ከተማ፣ በአንድ ቀራጭ ቤት ፍርስራሽ ውስጥ ነው።

ከተማዋ በፍጥነት ተሠራች። የፍጥነቱ ምስጢር ድንጋዩ ነው። የቀድሞዎቹ ፈርዖኖች ግዙፍ ድንጋይ ሲያስጎትቱ፣ የአኬናተን ግንበኞች ግማሽ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ትንሽ ድንጋይ ጠረቡ። ክብደቱ 70 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከአንድ ኩንታል ያንሳል። አንድ ሰው ተሸክሞት መሄድ ይችላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ድንቅ የምህንድስና ሐሳብ ነው። ለተሸካሚው ግን ሌላ ትርጉም ነበረው፦ ሸክሙ በሰው ጀርባ ልክ ተሰፋ ማለት ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የከተማዋን ነገር ከሥሩ ለማየት ውሃውን መከተል ይበቃል። ከዋናው ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በረሃውን ዘልቆ የሠራተኞች መንደር ነበር። 70 ገደማ ቤቶች በቀጥታ ተደርድረዋል፤ ሁሉም እኩል ጠባብ ናቸው፣ ከፍ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ከተማዋ ራሷ አልታጠረችም፤ ይህ መንደር ግን ዙሪያውን ታጥሯል። በአካባቢውም የጥበቃ መንገዶች ዱካ እስከ ዛሬ ይታያል። የመንደሩ ትልቁ ነገር ግን አጥሩ አይደለም። መንደሩ የውሃ ጉድጓድ አልነበረውም። ውሃው በየቀኑ ከከተማው ተጭኖ ይመጣና ከመንደሩ ውጭ በተደረደሩ እንስራዎች ይገለበጣል። ውሃውን ከሌላ እጅ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ወታደር አያስፈልገውም። አንድ ቀን ውሃው ቢዘገይ ትምህርቱ በቂ ነው።

ሁለተኛው የንድፉ ምሰሶ ፀሐይዋ ነበረች። የድሮዎቹ የግብፅ መቅደሶች ጣሪያ ያላቸውና ጨለም ያሉ ነበሩ። አኬናተን ጣሪያውን አነሳው። ታላቁ የአተን መቅደስ 800 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሜዳ ነበር፤ ከሺህ በላይ የመሥዋዕት ጠረጴዛዎች በጠራራ ፀሐይ ተደርድረውበታል። አምልኮው የሚካሄደው ፀሐይ ላይ ተቁሞ ነው።

ይህ ግምት አይደለም፤ የደረሰበት ሰው አቤቱታ ተርፏል። በ1887 በዚያው ፍርስራሽ ውስጥ የውጭ ነገሥታት ለፈርዖኖቹ የጻፏቸው ደብዳቤዎች በሸክላ ላይ ተጽፈው ተገኙ። ቁጥራቸው ከ350 በላይ ነው። ከእነዚህ በአንዱ የአሦር ንጉሥ አሹር-ኡባሊት መልእክተኞቹ ለምን በፀሐይ ላይ ያለማቋረጥ እንዲቆሙ እንደሚደረግ፣ ለምንስ በፀሐይ እንዲሞቱ እንደሚተዉ ይጠይቃል። ለንጉሡ ጥቅም ካለው ይቁሙ ይሙቱም፤ ጥቅም ከሌለው ግን ስለ ምን ይሞታሉ? ይላል በምሬት። የአንድ ኃያል ንጉሥ አምባሳደር እንዲህ ከተደረገ፣ ስሙን የሚያውቅለት የሌለው ድንጋይ ተሸካሚ ምን ሊሆን ይችላል?

የሥዕሎቹን መልስ ከባለሥልጣናቱ መቃብር ግድግዳዎች ማየት ይቻላል። ንጉሡ በሠረገላ በሰፊው ጎዳና ያልፋል፤ ወታደሮች አጎንብሰው ይሮጣሉ። ከመስኮት ሆኖ ለታማኞቹ የወርቅ ሐብል ይወረውራል። የፖሊስ አዛዡ ማሁ የተያዙ ሰዎችን ሲያቀርብ ይታያል። የመሥዋዕት ጠረጴዛው በዳቦና በሥጋ ሞልቷል። ሁሉም ደስተኛ ነው።

ሌላው መልስ የተገኘው ከአፈር ሥር ነው። በባሪ ኬምፕ የተመራው የአርኪዮሎጂ ቡድን ከ2006 ጀምሮ የተራውን ነዋሪ መቃብሮች ቆፈረ። በደቡቡ መካነ መቃብር ከ400 በላይ ሰዎች አጽም ተመረመረ። ገና በወጣትነት የተጎዳ አከርካሪ፣ ያለ ዕድሜው ያረጀ መገጣጠሚያ፣ ከልጅነት ጀምሮ የምግብ እጥረት ያጫጨው ቁመት ተገኘ። በጥቂት ወንዶች የትከሻ አጥንት ላይ ደግሞ የመወጋት ምልክት ታየ። ይህ ለአጥኚዎቹ ትርጉም የሰጠው ከአኬናተን ጥቂት ቆይቶ የነገሠው የሆረምሄብ አዋጅ ስላለ ነው፤ ቆዳ ለሰረቀ ወታደር ቅጣቱ መቶ ግርፋትና አምስት ክፍት ቁስል ነበር። የተቀጣው ሰው አልተገደለም፤ ቁስሉን ይዞ ወደ ሥራው የሚመለስ ይመስላል።

ከዚያ የባሰው በሰሜን፣ ከድንጋይ ማውጫዎቹ አጠገብ ተገኘ። በ2015 ከተቆፈሩት ከመቶ በላይ አጽሞች ከ90 በመቶ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 25 ዓመት ነው። ሽማግሌ የለም፣ ጨቅላ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ያለ አንዳች የመቃብር ዕቃ፣ አንዳንዶቹም ሁለትና ሦስት ሆነው በአንድ ጉድጓድ ተቀብረዋል። ቤተሰብ ያለው ሰው እንዲህ አይቀበርም። አጥኚዎቹ እነዚህ ከወላጆቻቸው ተለይተው ለሥራ የመጡ ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ።

የግድግዳው ሥዕልና አጥንቱ ስለ አንድ ከተማ፣ ስለ አንድ ዘመን የሚናገሩ ናቸው። ሆኖም አንዱ የሌላውን ቃል አይደግፍም።

ነዋሪው ግን ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም። የቀድሞዎቹ አማልክት ስም ከመቅደስ በመሮ እየተፋቀ ሳለ፣ በሠራተኞቹ ቤቶች ውስጥ ቤስና ታወረት የተባሉት የቤትና የወላድ ጠባቂዎች ምስል ተገኝቷል። አዋጁ አደባባዩን ያዘ፤ ጓዳውን ግን አልያዘም። ንጉሡም ከሞተ በኋላ ከተማዋ አልቆየችም። ቱታንካሙን ቤተ መንግሥቱን ይዞ ወጣ፤ ከተቆረቆረች 20 ዓመት ገደማ ሳይሞላት ባዶዋን ቀረች። እነዚያ በጀርባ የመጡ ድንጋዮች ተነቅለው በራምሴስ ሁለተኛ ዘመን ከዓባይ ማዶ ለሌላ መቅደስ መሠረት ሆኑ። ለመሸከም የቀለለ ድንጋይ ለማፍረስም ቀላል ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ ፈርዖንን የሚያውቀው ከኦሪት ነው፤ ጭድ ሳይሰጥ ጡብ ቁጠሩ የሚል ጨካኝ ጌታ። አኬናተን ያ ፈርዖን ነው ለማለት ማስረጃ የለም። የአኬታተን ትምህርት ግን ከዚያ ምስል አንድ እርምጃ ይቀጥላል። ጭቆና ሁልጊዜ ጅራፍ ይዞ አይመጣም። አንዳንዴ ውብ ንድፍ፣ አዲስ ጎዳና፣ የብርሃን መፈክር ይዞ ይመጣል። ጨካኝነቱ ያለው ውሃው የት እንደተቀመጠ፣ ጥላው ለማን እንደተተወ፣ ሸክሙ በማን ጀርባ እንደተለካ ላይ ነው።

ዛሬም በበረሃ ላይ አዳዲስ ከተሞች ይነደፋሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ ወራት የቀትር የውጭ ሥራን የሚከለክሉ ደንቦች ወጥተዋል፤ ደንቡ ራሱ የሚመሰክረው ሰው በፀሐይ እንደሚሞት ነው። በእነዚያ ፀሐዮች ሥር ከቆሙት መካከል የኢትዮጵያ ልጆችም አሉ። የአሦሩ ንጉሥ ጥያቄ ከ3,300 ዓመት በኋላም አላረጀም።

ስለዚህ ለጨዋታ ከተማ የሚነድፍ ሰው ግንቡን ከመሳሉ በፊት የውሃ ቀጂውን መንገድ ይሳል። የእውነተኛ ከተማ ንድፍ የሚቀርብለት ዜጋ ደግሞ በኮምፒውተር የተሳለውን ሥዕል ካደነቀ በኋላ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የሠራተኛው ውሃ ከየት ይመጣል? በቀትር ጥላው የማን ነው? የሞተውስ የት፣ በማን ስም ይቀበራል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ንድፍ ስንት አበባ ቢሳልበት ከአኬታተን አይሻልም።