ዱርዬና ዱር ቤቴ፦ አንድ የስልሳዎቹ ዘፈን እና የሞያሌ መንገድ

የኢዮቤልዩው መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ ሥራውን ሲያከፋፍል ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ዕድሩና ስለ ልጆች ትምህርት የሚጻፈው ለየባለቤቱ ተሰጠ። በዕድሜ ገፋ ላልነው አባላት የደረሰን «ስለ ድሮ ሙዚቃ አንድ ነገር ጻፉ» የሚል ነበር። ስለ ጥላሁን ገሠሠ ወይም ስለ ማህሙድ አሕመድ እንጽፋለን ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። እኛ የመረጥነው ግን የአገራችን ያልሆነ፣ ነገር ግን በማኅበራችን በዓላት ላይ ሌሊቱ ሲገፋ ሁልጊዜ «ያንን የሞተር ሳይክሉን ዘፈን አምጡልን» እየተባለ የሚጠየቀውን ነው። ልጆቻችን አባቶቻቸውና እናቶቻቸው በእንግሊዝኛ ሮክ ሲወዛወዙ እያዩ ይስቃሉ። ይሳቁ፣ ግድ የለም። «ለምን ይናፍቃችኋል?» ብለው ሲጠይቁ ግን መልሱ አጭር አይደለም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እንጻፈው ብለናል። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ካላልን በቀር የምንቆጥረው በአገራችን አቆጣጠር ነው።)

ዘፈኑ «ቦርን ቱ ቢ ዋይልድ» ይባላል። የተጫወተው ስቴፐንዎልፍ የተባለ፣ ከካናዳ ተነሥቶ ሎስ አንጀለስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተ ባንድ ነው። ደራሲው ማርስ ቦንፋየር በሚል ስም የሚታወቅ ካናዳዊ ሲሆን የባንዱ ከበሮ መቺ ወንድም ነበር። ሐሳቡ የመጣለት በሆሊዉድ ጎዳና ላይ ካየው የሞተር ሳይክል ፖስተርና ከመጀመሪያ መኪናው ነው ይባላል፤ መኪናዋም ያገለገለች ፎርድ ነበረች። ብዙ ሰው ዘፈኑ ለፊልሙ ተብሎ የተሠራ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ሸክላው በ1960 ክረምት አሜሪካ ውስጥ ከፍተኛ ተወዳጅነት አግኝቶ በሽያጭ ሠንጠረዡ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፣ ዓመት ቆይቶ በሐምሌ 1961 «ኢዚ ራይደር» በተባለው ፊልም ላይ የተሰማው።

ፊልሙን ያላያችሁ ልጆች ትኖራላችሁ። ዴኒስ ሆፐር ያዘጋጀው፣ ፒተር ፎንዳ አብሮት የተወነበት፣ ወደ 400,000 ዶላር ገደማ ብቻ ወጥቶበት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገቢ ያስገኘ ሥራ ነው። ከመታየቱ ቀደም ብሎ በ1961 ግንቦት በካን ፌስቲቫል የመጀመሪያ ፊልም ሽልማት አግኝቷል። ሁለት ጎረምሶች ኮኬይን ሸጠው ያገኙትን ገንዘብ በአንደኛው ሞተር የነዳጅ ጋን ውስጥ ሸሽገው ከካሊፎርኒያ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይጓዛሉ። ዘፈኑ የሚገባው ገና ጉዞው ሲጀመር፣ አስፋልቱ ከፊታቸው ሲዘረጋ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግን የደስታ ጉዞ አይደለም። መጨረሻው ላይ ፀጉራቸው ረዘመ፣ መልካቸው አላማረንም በሚሉ የመንገድ ሰዎች ጥይት ያልቃሉ። ስለ ነፃነት የተሠራ ፊልም ነው የሚሉ ሰዎች መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን ያስታወሱ አይመስለንም። እነዚያን ዝነኛ ሞተሮች የሠሩት ክሊፍ ቮንስና ቤን ሃርዲ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን መሆናቸው ደግሞ ለብዙ ዘመን ሳይነገር ቀርቷል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። «የስልሳዎቹ ትውልድ» ሲባል ፈረንጅ የሚያስበውና እኛ የምናስበው አንድ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር 1960 የጀመረው በእነርሱ መስከረም 1967 ነው። ስለዚህ ያ ዘፈን በሁለቱም አቆጣጠር ስልሳዎቹ ውስጥ ይወድቃል፤ ልዩነቱ የእነርሱ ስልሳዎች ሊያበቁ ሲሉ የእኛ ገና መጀመራቸው ነው። የእነርሱ ወጣቶች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የእኛዎቹ ገና ከቤት እየወጡ ነበር።

ዘፈኑ ወደ እኛ የደረሰው በብዙ በር ነው። ከመካከላችን አስመራ ያደጉት በቃኘው የነበረው የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ ከሚያሰማው ሬዲዮ ነው የሰሙት። ያ የጦር ሠፈር በ1969 እስኪዘጋ ድረስ ለስንቱ የአስመራ ሙዚቀኛ ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር። አዲስ አበባ ያደጉት ደግሞ ከ1955 ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ ያስተምሩ ከነበሩት የሰላም ጓድ አስተማሪዎች፣ ከውጭ ከተመለሱ ተማሪዎችና በየቡና ቤቱ ከቆመው የሙዚቃ ሣጥን ሰሙት። ፊልሙን አብዛኞቻችን ያየነው ከብዙ ዓመት በኋላ በቪዲዮ ካሴት ነው። በእኛ ዘንድ ዘፈኑ ከፊልሙ ቀደመ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ የራሷም ነበራት። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ደፍሮ በ1961 «አምሃ ሬከርድስ»ን አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሸክላም የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። የኤልቪስን ዘፈን እየዘፈነ ያደገው፣ ፀጉሩንም አለባበሱንም እንደ አሜሪካ ፊልም ያደርግ የነበረው ዓለማየሁ የፖሊስ ኦርኬስትራ ድምፃዊ መሆኑን ልብ በሉልን! አመጹ የወጣው ከመንግሥት ባንዶች ውስጥ ነው። ለዚህ ነው የእኛን ዘመን በፈረንጅ ፊልም ልክ መስፋት የማይቻለው።

እስኪ የዘፈኑን ርእስ በአማርኛ እናስብ። «ዋይልድ» የሚለውን ስንተረጉም የሚመጣልን «ዱርዬ» ነው። ቤል ቦተም የለበሰ፣ አፍሮ ያበጠረ፣ ሲጋራ የያዘ ሁሉ ዱርዬ ነበር። ሚኒ የለበሰች ሴት ልጅ ከዚያ የባሰ ስም ይወጣላት ነበር። ግን ከዚያው ከ«ዱር» ሌላም ቃል ወጥቷል፤ አርበኛው ጠላትን እምቢ ብሎ ጫካ ሲገባ «ዱር ቤቴ አለ» ይባላል። አንዱ ቃል ነቀፋ፣ አንዱ ክብር፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። የእኛ ትውልድ በዚህ በሁለቱ መካከል ተከፈለ።

ክፍፍሉ በግልጽ የታየው በመጋቢት 1960 ነው። በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን የፋሽን ትርዒት ተማሪዎች ተቃወሙት። ሕዝቡ በረሃብና በጭሰኝነት እያለ ሚኒ ቀሚስ ማሳየት የባህል ወረራ ነው ብለው እንቁላል ወረወሩ፣ ግርግር ተነሣ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። እነዚህ በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ሲገደል ነገሩ ከዘፈንና ከቀሚስ እጅግ ርቆ ሄደ። ሰልፈኛው ጨፋሪውን «የኢምፔሪያሊዝም ተላላኪ» ሲለው፣ ጨፋሪው ሰልፈኛውን «ደረቅ» ይለው ነበር። ለእውነት ስንናገር አብዛኛው ወጣት ቀን ተሰልፎ ማታ የሚጨፍር ነበር፤ ይህን የታሪክ መጻሕፍት ብዙም አይጽፉትም። ዛሬ በማኅበራችን ውስጥ በዚያን ጊዜ በሁለቱም ወገን የነበሩ አሉ። በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ፣ በአንድ ጠረጴዛ ቡና ይጠጣሉ፣ ክርክሩንም እስከ ዛሬ አልጨረሱትም።

አብዮቱ ሲመጣ ግን ማን ጨፈረ ማን ተሰለፈ የሚል አልተገኘም። ከመስከረም 1967 በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ወደ 60,000 የሚሆን ተማሪና መምህር በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። አምሃ እሸቴ ከመቶ የሚበልጡ ሸክላዎችን ካሳተመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቅቆ አሜሪካ ገባ። በየሆቴሉ የቀሩት ባንዶች በሩን ዘግተው፣ ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ ድረስ እንግዳውን እስከ ንጋት ይዘው ይጫወቱ ነበር። ውጭ ግን ሌሊቱ የሌላ ሆነ። በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር ሲነሣ ከፊሉ ዱር ቤቴ ብሎ አሲምባ ገባ፣ ከፊሉ እስር ቤት ቀረ፣ ብዙው አለቀ። ከተረፈው ውስጥ ደግሞ ወደ ደቡብ የተነሣ ነበር።

የእኛ «የመንገድ ፊልም» እንግዲህ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ሻሸመኔ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ። መኪና ያገኘ በመኪና እስከ ቻለበት ይመጣል፤ ኬላው ሲቃረብ ወርዶ በሌሊት በእግሩ ዞሮ ያልፋል። በዚህ ላይ የቦረና አርብቶ አደሮች ባለውለታችን ናቸው። ስማችንን ሳይጠይቁ ወተት ያጠጡን፣ የጉድጓድ ውሃ ያሳዩን፣ «ከዚህ ወዲያ ኬንያ ነው» ብለው በጣታቸው ያመለከቱን እነርሱ ናቸው። ድንበሩን ያለፈም ጉዞው አላበቃም ነበር። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ ጠጠርና አቧራ ነበር፤ በሽፍታ ፍርሃት መኪኖቹ በታጠቀ አጀብ ተሰልፈው ነበር የሚሄዱት። ተሳፋሪው ከብት ከጫነው መኪና አናት ላይ፣ ብረቱን ይዞ፣ ዲዳ ገልገሉን በነፋስ እየተገረፈ ያቋርጣል። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ወታደሩም ሲቪሉም በዚሁ በር ገባ፤ እስከ 1985 ድረስ የዋልዳ መጠለያ የብዙዎቻችሁ ቤት ነበር። በዚያ ካምፕ የተወለዱ ልጆች ዛሬ በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ፎቶአቸው አለ።

ዘፈኑን ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያስወደደን ግን ዘግይተን የሰማነው የዘፋኙ ታሪክ ነው። የስቴፐንዎልፍ ድምፃዊ ጆን ኬይ አሜሪካዊ ሆኖ አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ1944 በዚያን ጊዜ የጀርመን በነበረችው፣ ዛሬ የሩሲያ በሆነችው ቲልሲት ከተማ ነው የተወለደው። አባቱ እርሱ ከመወለዱ በፊት በጦርነቱ ሞቷል። እናቱ የሩሲያ ጦር ሲቃረብ ሕፃኑን ታቅፋ ሸሸች፤ ያረፈችበትም አገር ምሥራቅ ጀርመን ሆነ። ልጁ ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው እንደገና በድብቅ ድንበር አሻግራ ወደ ምዕራብ አመጣችው። ዓይኑ ብርሃን አይችልምና ጥቁር መነጽር ያደርጋል፤ እኛ ለጉራ ይመስለን የነበረው መነጽር ያ ነው። ሮክን የሰማው ደግሞ ቋንቋውን ሳያውቅ፣ በጀርመን ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ወደ ካናዳ ሲሻገር ገና ልጅ ነበር።

ይህን የሰማን ቀን ከእኅቶቻችን አንዷ «እናቱን ባገኘኋት» አለች። እርሷም ያቤሎን በሌሊት ያለፈችው ልጅ አዝላ ነው። ቃኘውን ያዳመጠው የአስመራ ልጅና ያ ጀርመናዊ ስደተኛ ልጅ ሬዲዮአቸው አንድ ዓይነት ነበር፤ ሁለቱም የሚዘፈነውን ቃል ሳይረዱ ቃናውን ወደዱ።

የፈረንጅ ዓለም ደግሞ በተራው የእኛን ናፈቀ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እነዚያን የአምሃ ሸክላዎች እንደገና አሳተማቸው፤ ዘጠነኛው የዓለማየሁ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ላይ የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ ተሰማ። እኛ በአሜሪካ ፊልም የአሜሪካ ዘፈን ስንናፍቅ፣ እነርሱ በአሜሪካ ፊልም የእኛን መናፈቅ ጀመሩ። አምሃም ዓለማየሁም በአንድ ዓመት፣ በ2013፣ ተከታትለው አረፉ፤ አምሃ በሚያዝያ፣ ዓለማየሁ በነሐሴ።

በዚያው በ2013 ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያ በመሪዎቹ ተመረቀ። የኢሲዮሎ መንገድ አስቀድሞ አስፋልት ሆኖ ነበር፤ ያ የሦስት ቀን ስቃይ ዛሬ በአውቶቡስ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። እርግጥ መንገድ አማረ ማለት ስደት ቀረ ማለት አይደለም፤ በመጋቢት 2010 እንኳን ከወዲያኛው ሞያሌ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ሳምንት ወደዚህ ሲፈስ፣ ቤታችንን ከፍተን የተቀበልን እናውቀዋለን። ሞተር ሳይክልም ሞልቷል። ቦዳቦዳ የሚነዱት ልጆቻችን ሬዲዮውን ከፍ አድርገው ሦስት ሰው ጭነው ሲያልፉ «ዱርዬ!» የሚላቸው ጎረቤት አይጠፋም። እኛ ዝም እንላለን።

ማኅበሩ ከዚህ ኢዮቤልዩ ጀምሮ የድሮ ድምፆችን ማሰባሰብ ጀምሯል። ቤታችሁ ሸክላ፣ ካሴት፣ ከዋልዳ የተላከ በድምፅ የተቀዳ ደብዳቤ ወይም የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ያላችሁ ቤተሰቦች ለጽሕፈት ቤቱ አሳውቁ። ወጣቶቹ ቀድተው ዋናውን ይመልሱላችኋል። ካሴቱ ተቆርጦም ቢሆን አትጣሉት፤ የሚቀጥል ሰው አለን።