በካቶሊክ ሠርግ ለሚታደም እንግዳ

የካቶሊክ ሠርግ ጥሪ የደረሰው እንግዳ በቅድሚያ ሊያጣራ የሚገባው የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት ነው። ጋብቻው የሚጸናው በዳሱ ሳይሆን ሙሽሮቹ በካህኑና ቢያንስ በሁለት ምስክሮች ፊት በሚሰጡት ቃል ነውና። ቃሉ ተነግሮ ሳያበቃ እልልታ ማሰማት ተገቢ አይደለም፤ ሙሽራዋ በለሆሳስ ብትመልስ እንኳ ምስክሮቹ መስማት አለባቸው።

ሥርዓቱ በየአካባቢው ይለያያል። በእምድብርና በአዲግራት ሀገረ ስብከት የግእዝ ሥርዓት ስለሚፈጸም የተክሊሉ ዘውድ ለኦርቶዶክሳዊ እንግዳ እንግዳ አይሆንበትም። በወላይታ ሶዶና በሆሳዕና ግን የላቲን ሥርዓት ስለሚከተሉ ጎልቶ የሚታየው የቃል ኪዳኑ ንግግርና ቀለበቱ ነው።

ብዙውን እንግዳ የሚያስጨንቀው፣ ቅዳሴ ካለ፣ የቁርባን ሰዓት ነው። ቅዱስ ቁርባን የሚሰጠው ለተዘጋጁ የካቶሊክ ምእመናን በመሆኑ የሌላ እምነት ተከታይ በቦታው ቢቆይ ማንም አይቀየመውም። ስሕተቱ አጠገብ ያለው ሰው ስለ ተነሣ ብቻ ተከትሎ መሰለፍ ነው። ሌሎች ሲቆሙ አብሮ መቆም ይበቃል፤ ለመንበርከክ አይገደድም።

ስልክ ይዘጋል፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት ወደ መቅደሱ መጠጋት አይገባም። ስጦታ የሚበረከተው በድግሱ ቦታ ነው።