መብራት መጣ ማለት ኮረንቲ ደረሰ ማለት አይደለም

ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የምትወራ አንዲት ቀልድ አለች። ንጉሡ አሜሪካኖች ወንጀለኛ የሚቀጡበት የኤሌክትሪክ ወንበር ሠሩ ሲባል ሰምተው ያስመጣሉ። ወንበሩ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን አገሩ ላይ ኮረንቲ የለም። ምን ይደረግ? ዙፋን አደረጉት! ወሬው በፈረንጅ መጻሕፍት ሳይቀር ተደጋግሞ ተጽፏል፤ ማስረጃ ግን የለውም። የሚታወቀው ነገር፣ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም ቤተ መንግሥታቸውን በጄኔሬተር መብራት ማስበራታቸው ነው።

ያም ሆኖ ቀልዷ አንድ እውነት ይዛለች። ኮረንቲ ካልደረሰው ምርጥ መሣሪያም ተራ ዕቃ ነው። ይህንን ለጉለሌ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አምፖልና ባህር ዛፍ

በዚያው ዘመን ሌላም እንግዳ ነገር አገር ገብቷል፤ ባህር ዛፍ። የእንጦጦ ደን ለማገዶ ተጨፍጭፎ ስላለቀ፣ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ባህር ዛፉ ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ሁለቱን የኃይል ምንጮቿን ያገኘችው በአንድ ንጉሥ ዘመን ነው። አምፖሉ ግቢ ገባ፤ ማገዶው በእንጦጦ ሴቶች ጀርባ ወደ ሽሮ ሜዳ ወረደ።

ኮረንቲው ከግቢ የወጣው ቀስ እያለ ነው። በ1904 ዓ.ም ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ ትንሽ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠርቶ መብራት ለፋብሪካዎች፣ ቀጥሎም በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ላሉ ዋና ዋና መንገዶች ደረሰ። በ1924 ዓ.ም ገደማ አባ ሳሙኤል መጣ፤ አቅሙ 6 ሜጋ ዋት ያህል ነበር። («ኮረንቲ» የሚለው ቃላችን ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙም «ፈሳሽ፣ ወራጅ» ማለት ነው።) በ1948 ዓ.ም መንግሥት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣንን አቋቋመ። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ ስሙ ስንት ጊዜ ተቀይሯል፤ በ2006 ዓ.ም ደግሞ ለሁለት ተከፍሏል። ለእኛ ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የግድብ ታሪክ ነው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም 43.2 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከአባ ሳሙኤል ከ850 እጥፍ በላይ!

ታዲያ ምጣዱ ለምን አይግልም?

ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ አስቡ። ከፍታው ለውኃው ግፊት ይሰጠዋል፤ ይህ ቮልቴጅ ነው። በቧንቧው የሚወርደው ውኃ ኮረንቲው ነው፣ በአምፔር ይለካል። የቧንቧው ጥበትና ርዝመት ደግሞ ሬዚስታንስ፣ ማለትም እንቅፋቱ ነው፤ የሚለካውም በኦም ነው። አንድ ልዩነት አለ፤ ኮረንቲ በአንዱ ሽቦ መጥቶ በሌላው ካልተመለሰ ፈጽሞ አይፈስም። ጀርመናዊው መምህር ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ አጭር ነው፤ ግፊቱን ለእንቅፋቱ ብታካፍሉት ፍሰቱን ታገኛላችሁ።

ወደ ምጣዳችን እንምጣ። 3,500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይስባል። የሽቦው እንቅፋት 14 ኦም ገደማ ነው ማለት ነው። አሁን ትራንስፎርመሩ ራቅ ያለበትን ሰፈር ውሰዱ። ከትራንስፎርመሩ እስከ መጨረሻው ቤት ያለው ቀጭን መስመር ግማሽ ኦም እንቅፋት አለው እንበል። አንድ ቤት ብቻ ቢጋግር የሚጠፋው 8 ቮልት አይሞላም፤ ማንም ልብ አይለውም። በበዓል ዋዜማ መጨረሻው ላይ ያሉ ስድስት ቤቶች እኩል ሲጥዱ ግን ምጣዱ ጋ የሚደርሰው ወደ 180 ቮልት ይወርዳል።

40 ቮልት ጠፋ ብላችሁ አትናቁት። ግፊቱ ሲቀንስ ፍሰቱም አብሮ ስለሚቀንስ ምጣዱ ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። አምፖሉ እየደከመም ቢሆን ይበራል፤ እንጀራው ግን ዐይን አያወጣም። ከጎደለው ኃይል ከፊሉ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ያለውን ሽቦ አሙቆታል።

መሐንዲሶች ይህንን ያውቃሉ። ከሕዳሴው ግድብ እስከ ሆለታ ያለው መስመር 500,000 ቮልት የሆነው ለዚህ ነው። ያንኑ ኃይል ቮልቴጁን እጥፍ አድርጎ መላክ ፍሰቱን በግማሽ፣ በመንገድ የሚባክነውን ደግሞ ወደ ሩብ ያወርደዋል። በከተማው ውስጥ 15,000 ቮልት ሆኖ ይዞርና የሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 220 ያወርደዋል። ከዚያ ወዲያ ያለችው የመጨረሻዋ ጥቂት መቶ ሜትር ግን ሪባን አይቆረጥላትም።

የመብራታችንን ታሪክ በሜጋ ዋት መቁጠር ለምደናል። በእርግጥ ውኃ ሲጎድል ሁላችንም እንጨልማለን፤ የ2011 ዓ.ም ፈረቃ ምስክር ነው። ግድቡ ሞልቶም ግን ኮረንቲው ጓዳ ላይደርስ ይችላል። ዳገት አያደክመውም፤ የሚያደክመው ቀጭን ሽቦና የተጨናነቀ ትራንስፎርመር ነው። ምጣዱ እምቢ ሲል ደግሞ እናቶቻችን ወደ ሁለተኛው የምኒልክ ዘመን ስጦታ፣ ወደ ባህር ዛፉ ይመለሳሉ። ጭሱን የሚውጡት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ አዲስ ግድብ በተመረቀ ቁጥር አብረን እናጨብጭብ፤ ተገቢ ነው። ግን አንድ ጥያቄ እንጨምርበት፦ እኛ ሰፈር ስንት ቮልት ይደርሳል?