ውጤታማ የሶፍትዌር ማስተማሪያ ቪዲዮ መለያዎች

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሰራጭ የነበረው የ«ፕላዝማ» ትምህርት ሊቆምም ሆነ ሊመለስ ስለማይችል፣ ተማሪውን ጥሎ የሚያልፍበት ጊዜ እንደነበር ይታወሳል።

በኢንተርኔት የሚቀርበው የሶፍትዌር ማስተማሪያ ቪዲዮ ዋነኛ ብልጫ ፍጥነቱን ተማሪው ራሱ መወሰን መቻሉ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምስሉን አቁሞ ያየውን ትእዛዝ በኮምፒዩተር ይሞክራል፤ ሲሳሳትም መልሶ ይመለከታል።

በ2014 እ.ኤ.አ. በኢዴክስ የኢንተርኔት ትምህርቶች ላይ የወጣ ጥናት ተማሪዎች ከ6 ደቂቃ የማይበልጡ ቪዲዮዎችን በተሻለ ትኩረት እንደሚከታተሉ አመልክቷል። በመሆኑም አንድ ቪዲዮ አንድ ተግባር ብቻ ማሳየትና በመልመጃ መጠናቀቅ ይኖርበታል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር ነፃ የኢንተርኔት ሥልጠና አመቻችቷል። ይሁንና ተማሪው የሚለማመድበት ኮምፒዩተር ካላገኘ ቪዲዮው ታይቶ ከማለፍ ስለማይዘል፣ ተቋማት የመለማመጃ ሰዓትን አብረው ሊያቅዱ ይገባል።