የዘረት ሙታን ስም

በአገራችን ሟች ተቀብሮ አይረሳም፤ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ካህኑም ሟቹን በክርስትና ስሙ እየጠራ ይጸልይለታል። ለመሆኑ ወላጅና ልጅ፣ ዘመድና ጎረቤት በአንድ ዋሻ ያለቁ እንደሆነ ስማቸውን ለካህኑ የሚነግረው ማን ነው?

ይህን የሚያስጠይቀኝ መንዝ ውስጥ፣ ዘረት የሚገኘው አመጸኛ ዋሻ ነው። የ1931 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነበር። በዚያው ሰሞን ከአበበ አረጋይ አርበኞች ወገን የሆኑ ቁስለኞች፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በተጠለሉበት ዋሻ የፋሺስት ጦር የመርዝ ጋዝ ለቀቀ። ጣሊያን በ1917 በጄኔቫ ፈርማ እንዲህ ያለውን ጋዝ በጦርነት ላለመጠቀም ቃል ገብታ ነበር። ከዋሻው ወጥተው እጃቸውን ከሰጡት ወደ 800 የሚሆኑ ወንዶች ደግሞ በጥይት ተረሸኑ።

ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በአገሩ የጦር ሰነዶች ያነበበውን ይዞ በ1998 ወደ ስፍራው ሲሄድ፣ የሟቾቹ አጽም ዛሬም ዋሻው ውስጥ ነበር።

እኛ አዲስ አበቤዎች የካቲት 12 ቀን ስድስት ኪሎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አራት ኪሎ ተሰብስበን አበባ እናስቀምጣለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን 800 የሚለውን ቁጥር የጻፉልን ገዳዮቹ ናቸው። ስሙን መጻፍ የእኛ ፋንታ ነው። ትውልድዎ ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐ ቤቴ የሆነ አንባቢ፣ ለሚቀጥለው ሚያዝያ ቤተ ዘመዱን ይጠይቁ፦ ከዘረት ሳይመለስ የቀረው ማን ነበር?