የዓሣ ፍርሃት ከሐይቅ እስከ ቤተ ሙከራ

ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ካርል ፎን ፍሪሽ ከመንጋው ለመለየት ብሎ ያቆሰላትን አንዲት ትንሽ ዓሣ ወደ ውኃው ሲመልሳት፣ ሌሎቹ በርግገው ሸሹ። ያስደነገጣቸው ከቆሰለው ቆዳ የወጣ ኬሚካል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1938 አስታወቀ። በ1973 ኖቤል ያሸለመው ይበልጡን የንብ ጥናቱ ነው፤ ይህን ግኝት ግን እኔ ከዚያ አላሳንሰውም። የተጠየቀችው ዓሣዋ በምትኖርበት ውኃ፣ ራሷ በምትፈራው ነገር ነበርና።

የጭንቀት ምርምር ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የአይጥ ጉዳይ ሆኖ ቆየ። ዜብራ ዓሣን ወደ ዘረመል ቤተ ሙከራ ያስገባው በልጅነቱ ከቡዳፔስት ወደ አሜሪካ የተሰደደው ጆርጅ ስትራይሲንገር ነው። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት ዘረመል ያላቸውን ዓሦች ማራባቱን በ1981 ይፋ አደረገ። የእሱ ጥያቄ የነርቭ ሥርዓት እንዴት ይገነባል የሚል እንጂ ስለ ጭንቀት አልነበረም። ይሁንና ጽንሱ ብርሃን አሳላፊ ነው፤ አንጎሉ ሲሠራ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዋናው የውጥረት ሆርሞኑም እንደ ሰው ኮርቲሶል ነው፤ የአይጥ ግን ሌላ ነው። ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በዚህ ዓሣ ውስጥ አቻ እንዳላቸው በ2013 ታወቀ።

በዚህ ዓሣ ላይ የሚደረገው የጭንቀት ፈተና ቀላል ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ የገባ ዓሣ መጀመሪያ ወደ ታች ይጠልቃል፤ ሲረጋጋ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። በዱክ ዩኒቨርሲቲ የኤድዋርድ ሌቪን ቡድን በ2009 ሦስት የጭንቀት መድኃኒቶችን በዚህ መንገድ ፈተነ። ቡስፒሮን ዓሦቹን በግልጽ ወደ ላይ አወጣቸው፤ ዳያዜፓም በመጠኑ ሠራ፤ ሰውን የሚያረጋጋው ክሎርዳያዜፖክሳይድ ግን ምንም ለውጥ አላሳየም። እኔ ከሁሉ የምመካው በዚህ ሦስተኛ ውጤት ነው። ገንዳው የሚለካው መጥለቅን ነው። ያ መጥለቅ ሌሊት እንቅልፍ ከሚነሳን ስጋት ጋር ምን ያህል እንደሚዛመድ በእያንዳንዱ መድኃኒት እንደገና መፈተሽ አለበት፤ ይህን የዘለለ ተመራማሪ የታመመውንም ሰው ዓሣውንም ይበድላል።

በ2013 ደግሞ ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወደ ወንዝ ወጣ። የስዊድን ተመራማሪዎች በኡፕሳላ በሚያልፈው የፊሪስ ወንዝ ኦክሳዜፓም የተባለውን የጭንቀት መድኃኒት አገኙ፤ ከሰው ሽንት በፍሳሽ በኩል የሚደርስ ነው። ፐርች የሚባሉትን ዓሦች ከዚያ በተቀራረበ መጠን በተበረዘ ውኃ ውስጥ ሲያኖሯቸው ይበልጥ ተንቀሳቀሱ፤ ከመንጋቸው ተነጠሉ፤ ምግብም ፈጥነው በሉ። የተለመደው የመርዝ ምርመራ ስንት ዓሣ እንደሞተ ይቆጥራል። እነዚህ ግን አልሞቱም፤ እንዲያውም በደንብ ይበሉ ነበር።