የአርባ ቀን ዕድልና የሰው ፈቃድ

በዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል መጽሔት ልንጽፍበት የመረጥነው፣ በአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ናቹራሊዝም ስለሚባለው አጻጻፍና እርሱም በክርስቲያን ሚዛን ሲመዘን ምን እንደሚመስል ነው። ጉዳዩ ከደብረ ማርቆስ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ጎጃም ይገባል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865 ከተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ በዛ፤ ከተሞቹም ከገጠርና ከባሕር ማዶ በመጣ ድኻ ተጨናነቁ። በዚያው ዘመን የዳርዊን ትምህርት ተስፋፍቶ ነበርና፣ የፈረንሳዊውን የኤሚል ዞላን ፈለግ የተከተሉ ደራስያን ሰው የዘሩ፣ የሰፈሩና የኑሮው ውጤት ነው እንጂ በፈቃዱ የሚመራ አይደለም ወደ ማለት አዘነበሉ። የሜቶዲስት ቄስ ልጅ የነበረው እስቲፈን ክሬን በ1893 «ማጊ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በኒውዮርክ የድኾች ሰፈር አድጋ የጠፋች ልጅ ታሪክ ነው። ቴዎዶር ድራይዘርም በ1900 «ሲስተር ካሪ»ን አወጣ።

እነዚህ ሰዎች የጻፉት ሁሉ ሐሰት ነው ብለን ብናልፍ ሥራው በቀለለን ነበር። ነገር ግን ማጊን የገዛ እናቷ ታባርራታለች፤ ርዳታ ፈልጋ የቀረበችውም ቄስ መሳይ ሰው ለክብሩ ፈርቶ ገለል ይልባታል። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ የሰማ ሁሉ ያን ሰው ያውቀዋል። በዚህ በኩል ክሬን ከብዙ ሰባኪ ይልቅ አስተማረን ብንል አናፍርም። የማንስማማው በፍርዱ ነው። ማጊ ሳትመርጥ ከወደቀች፣ ገለል ያለውም ሰው ሳይመርጥ ገለል ማለቱ ነው፤ እንግዲያስ ደራሲው በማን ላይ ይቆጣል? ቁጣው ግን በመጽሐፉ ውስጥ አለ።

ይህ አሳብ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? በ1902 ዓ.ም. በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። (ከወላጆቻችን ብዙዎቹ መጽሐፉን የሚያውቁት በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው።) በዛብህን ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለውታል፤ ሰብለ ወንጌልም የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ በመሆኗ ዘሯ አጥር ሆኖባታል። ስለትና ዘር! ከዚህ የበለጠ የአርባ ቀን ዕድል ከየት ይመጣል? ሆኖም ደራሲው ማንንም ከተጠያቂነት ነፃ አያወጡም። ፊታውራሪ በትዕቢታቸው ይጠየቃሉ፤ ጉዱ ካሣ ከዚያው ወገን ሆኖ ሳለ የወገኑን ልማድ ይከሳል፤ ሰብለ ወንጌልም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ትወጣለች። ናቹራሊስቶቹ ዕውር ኃይል ያሉት ነገር፣ እኛ እንደምናነበው፣ በዚህ መጽሐፍ ሰው ራሱ ሠርቶ የእግዚአብሔርን ስም የለጠፈበት ልማድ ነው። ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ሊያፈርሰው ይችላል።

ከሁሉ የከበደን የበዛብህ ወላጆች ጉዳይ ነው። የተሳሉት ልጃቸው እንዲያድግላቸው ከመውደዳቸው የተነሣ ነው፤ ክፉ አሳብ አልነበረባቸውም። ስለቱን በዕድሜው ሙሉ የሚከፍለው ግን ያልተጠየቀው ልጅ ነበር። በዚህ ላይ በክፍላችን ሁለት ጊዜ ተከራክረን እስካሁን አልተስማማንም።